ሰርኪቱን ጥለህ የምታልፈው ኤሌክትሮኒክስ የለም

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የምማረው ኮምቦልቻ ነው፤ ዲፓርትመንት ከገባን የመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። በአፕላይድ ኤሌክትሮኒክስ ሚድ ከ30 11 አመጣሁ፤ ከላብና ከአሳይመንት 14 ይዣለሁ፤ ፋይናሉ ከ50 ነው። ክፍል ቀርቼ አላውቅም። ስላይዱን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሲኒየሮች የሰጡኝ የአምስት ዓመት ፈተናም ከነመልሱ አለኝ። ፋይናሉ 19 ቀን ቀርቶታል። ሰርኪት የሚባለው ሌላው ኮርስ በጣም ስለከበደኝ እሱን ትቼ ኤሌክትሮኒክሱን ልሸምድድ ወይስ ሁለቱንም ልግፋ? በቀን ስንት ሰዓት ላጥና? ዶርም ያሉት ልጆች በርጫ ይዘው ያነጋሉ፤ እኔ አልለመድኩም፤ ይጠቅም ይሆን? ቤተሰቦቼ ደሴ ስለሆኑ እቤት ሄጄ ባጠናስ ይሻላል?»

መልስ፦ ሰርኪቱን መተው የሚለውን ከአእምሮህ አውጣው። ሁለቱን የተለያዩ ትምህርቶች አድርገህ ማየትህ ይመስለኛል ሚዱን ያበላሸብህ። አፕላይድ ኤሌክትሮኒክስ ማለት ዳዮድ (ከረንትን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) እና ትራንዚስተር (በትንሽ ከረንት ትልቅ ከረንት የሚቆጣጠር) የገባበት ሰርኪት ነው። አንድ የባያሲንግ ጥያቄ፣ ማለትም ትራንዚስተሩ በስንት ቮልትና በስንት ከረንት እንደሚሠራ የሚጠይቀውን፣ ስትሠራ ከትራንዚስተሩ በተለመደው ሁኔታ የምትወስደው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ሦስት እግር አለው፣ ቤዝ፣ ኤሚተርና ኮሌክተር፤ ከቤዝ እስከ ኤሚተር 0.7 ቮልት እንደሚወድቅና የኮሌክተሩ ከረንት የቤዙ ከረንት በቤታ (በትራንዚስተሩ የማጉያ ቁጥር) ሲባዛ እንደሚገኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ በሙሉ የኦም ሕግና ኪርሾፍ በ1845 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ሁለት ሕጎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ቴቨኒን (ውስብስብ ሰርኪትን ወደ አንድ ምንጭና አንድ ሬዚስተር የማጠፍ ዘዴ) ይታከልበታል። ሰርኪቱን ስትጥል ኤሌክትሮኒክሱም አብሮ ይወድቃል። ሰርኪት ላይ የምታጠፋው ሰዓት ግን ለሁለት ፈተና ያገለግልሃል።

ስላይዱን ሦስት ጊዜ ማንበብህ ለምን እንዳልጠቀመህ ልንገርህ። ወሎ ተወልደን ባቲና አምባሰል ስንሰማ ያደግን ብዙ ነን፤ ማሲንቆ ቢሰጡን ግን ስንቶቻችን እንመታዋለን? የተሠራ ጥያቄ ማንበብም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ መስመር ከበላዩ ካለው መስመር እንዴት እንደመጣ ይታይሃል፤ ገባኝ ትላለህ። ፈተና ላይ የምትጠየቀው ግን የመጀመሪያውን መስመር ነው፤ የትኛውን ሉፕ (ዙር) ልያዝ፣ የትኛውን ኖድ (መገናኛ ነጥብ) መሬት ላድርግ የሚለውን። ይህን ስላይድ አያሳይህም፤ መምህሩ ስላይዱን ሲያዘጋጅ ወስኖ ጨርሶታልና።

የድሮዎቹ ፈተናዎች ጥሩ ናቸው፤ መልሶቻቸው ግን ሁለት አደጋ አለባቸው። አንደኛው መልሱ አጠገብህ ካለ እጅህ ይሰንፋል፤ አምስት ደቂቃ ታግለህ አሻግረህ ታያለህ። ሁለተኛው መልሱን የሠራው እንደ አንተው ያለ ተማሪ መሆኑ ነው። አንድ ዓመት ያረምኩት ፈተና ላይ፣ ከቤት መብራት የሚሠራ ፉል ዌቭ ሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ከረንት በሁለቱም ግማሽ ሞገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞር) የሪፕሉ (ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሞገድ) ፍሪኩዌንሲ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ነበር። ከክፍሉ ብዙው 120 ሄርዝ ብሎ ጻፈ። የምንማርባቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ አሜሪካ የተጻፉ ናቸው፤ እዚያ መብራቱ 60 ሄርዝ ስለሆነ ፉል ዌቭ ሲደረግ 120 ይሆናል። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው፤ መልሱ 100 ነው። አንድ ሲኒየር ከመጽሐፍ ገልብጦ የጻፈው መልስ በፎቶ ኮፒ ከባች ወደ ባች ሲወራረስ ኖሮ ነበር። ስለዚህ የአምስቱን ዓመት መልስ አሁኑኑ ከጥያቄው ለይና ለምታምነው ልጅ በአደራ ስጠው። ከመጨረሻው ሳምንት በፊት እንዳይመልስልህ።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ልቆይ፤ ፋይናል ላይ ብዙ ነጥብ የሚሄደው ትራንዚስተር ባያሲንግ ላይ ነው። ይህችን ሥራ። ምንጩ 12 ቮልት፣ ቤዙ ላይ ያለው ሬዚስተር 100 ኪሎ ኦም፣ ኮሌክተሩ ላይ ያለው 2.2 ኪሎ ኦም፣ ኤሚተሩ መሬት፣ ቤታ 100። የቤዙ ከረንት 12 ሲቀነስ 0.7፣ ለ100 ኪሎ ኦም ሲካፈል 113 ማይክሮ አምፒር ነው። በቤታ ሲባዛ ኮሌክተሩ 11.3 ሚሊ አምፒር። በ2.2 ኪሎ ኦም ስታባዛው ሬዚስተሩ ላይ የሚወድቀው 24.86 ቮልት ሆነ፤ ከ12 ላይ ስትቀንሰው ከኮሌክተር እስከ ኤሚተር ኔጌቲቭ 12.86 ቮልት። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ይህን ቁጥር ጽፈው፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋሉ። ቆም ብለህ እየው፤ ምንጩ 12 ቮልት ብቻ ሆኖ ሬዚስተሩ ከየት አምጥቶ ነው 24.86 የሚጥለው? ትራንዚስተሩ ሳቹሬሽን ገብቷል ማለት ነው፤ የቻለውን ያህል ተከፍቷል፣ የኮሌክተሩ ከረንት ከዚህ በላይ አይጨምርም። በቤታ ማባዛቱ እዚህ አይሠራም። ከኮሌክተር እስከ ኤሚተር 0.2 ቮልት ብለህ ይዘህ፣ ኮሌክተሩን ከ12 ሲቀነስ 0.2፣ ለ2.2 ኪሎ ኦም ታካፍላለህ፤ 5.36 ሚሊ አምፒር ነው።

ከዚህ የምትይዘው ቁጥሩን አይደለም፤ አሠራሩን ነው። አክቲቭ ነው፣ ማለትም በቤታ ማባዛቱ ይሠራል ብለህ ገመትክ፣ ሠራህ፣ የወጣው ቁጥር ግምትህን ይደግፍ እንደሆነ አየህ፣ አልደገፈም፣ ግምቱን ቀየርክ። ዳዮድም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ከረንት ያሳልፋል ብለህ ገምተህ ከረንቱ በተቃራኒ ከወጣ አያሳልፍም ነበር ማለት ነው። ሽምደዳ እዚህ ጋ ይሰበራል። ፈታኙ 100ውን ኪሎ ኦም ወደ 470 ቢቀይረው የቤዙ ከረንት ወደ 24 ማይክሮ አምፒር ይወርዳል፣ ኮሌክተሩ 2.4 ሚሊ አምፒር ይሆናል፣ ከኮሌክተር እስከ ኤሚተር 6.7 ቮልት ገደማ ይቀራል። ሥዕሉ አንድ ነው፤ ትራንዚስተሩ ግን አሁን አክቲቭ ነው። የድሮውን መልስ የሸመደደ ልጅ 5.36 ይጽፋል።

ቀጥለህ የቮልቴጅ ዲቫይደሩን፣ ቤዙን በሁለት ሬዚስተር የሚመግበውን፣ ሥራ፤ ቴቨኒን ለምን እንደተማርክ ያኔ ይገባሃል። ምንጩ ያው 12፤ ላይኛው ሬዚስተር 47፣ ታችኛው 10፣ የኮሌክተሩ 2.2፣ የኤሚተሩ 1 ኪሎ ኦም፣ ቤታ 100። የቤዙን ወገን በቴቨኒን ስታጥፈው 2.1 ቮልት ምንጭና 8.25 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይሆንልሃል። ከዚያ በአንድ ሉፕ ኮሌክተሩ 1.29 ሚሊ አምፒር፣ ከኮሌክተር እስከ ኤሚተር 7.9 ቮልት ገደማ ታገኛለህ። አሁን ቤታን 200 አድርገህ ድገመው፤ ኮሌክተሩ ወደ 1.34 ብቻ ነው የሚያድገው። ከላይ በ470 ኪሎ ኦም የሠራነው ፊክስድ ባያስ ላይ ግን ቤታ ሲታጠፍ ከረንቱም ታጥፎ 4.8 ሚሊ አምፒር ይገባል። እንግዲህ «ቮልቴጅ ዲቫይደር ባያስ ለምን ይመረጣል» የሚለውን የጽሑፍ ጥያቄ ሳትሸመድድ መለስከው። በእጅህ ሠርተህ ያየኸው ልዩነት ፈተና አዳራሽ ውስጥ ከአእምሮህ አይጠፋም።

ተማሪው ሳያውቅ ነጥብ የሚያፈስባቸው ትንንሽ ቦታዎችም አሉ። ትራንስፎርመሩ 12 ቮልት ነው ሲባል አርኤምኤስ (ውጤታማ ዋጋው) ነው፤ ፒኩ (የሞገዱ ጫፍ) 17 ቮልት ገደማ ነው፤ በብሪጅ (አራት ዳዮድ ባለው ሬክቲፋየር) ሲያልፍ ሁለት ዳዮድ 1.4 ይወስድና 15.6 ይቀራል። ብዙ ልጅ ከ12 ላይ ነው የሚቀንሰው። ቮልት ለኪሎ ኦም ስታካፍል መልሱ ሚሊ አምፒር ሆኖ እንደሚወጣ ከለመድክ ዜሮ መቁጠር ይቀርልሃል። ካልኩሌተርህ ሰርኪት ፈተና ላይ ዲግሪ ላይ ይሁን ራዲያን ላይ አዳራሽ ከመግባትህ በፊት እየው። ሦስት ያልታወቁ ያሉበትን እኩልታ የሚፈታ ካልኩሌተር ካለህም መፈቀዱን አስቀድመህ ጠይቅ፤ በር ላይ ተቀብለውህ በእጅ ለመፍታት ከምትገደድ አሁን በእጅ መለማመድ ይሻላል።

ስለ ውጤት እውነቱን ልንገርህ። 11ና 14 25 ነው። 50 ለመድረስ ከፋይናሉ 25፣ 60 ለመድረስ 35 ያስፈልግሃል። 85 ለመድረስ ከ50ው 60 ማምጣት አለብህ፤ ስለዚህ ኤ የሚባለውን እርሳው፤ እሱን እያሰብክ እንቅልፍ አትጣ። ከ30 በላይ ማምጣት ግን በ19 ቀን ይቻላል፤ ከአንተ የባሰ ሚድ ይዘው የሠሩት ልጆች አይቻለሁ። አብሽር። የማይቻለው በ19 ቀን ሁሉንም ምዕራፍ እኩል መያዝ ነው። የግድ አንድ ቦታ ማሳነስ ካለብህ የሰሚኮንዳክተር ፊዚክሱን አሳንሰው። ድሪፍት፣ ዲፊውዥን፣ ዲፕሊሽን ሪጅን፣ የሲሊኮን 0.7 እና የጀርማኒየም 0.3፤ ለእውነት ሐሰቱና ለምርጫው አንድ ማታ ይበቃዋል። የፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ ምዕራፍም ኮርሳችሁ ውስጥ ካለ መጨረሻ ላይ ይሁን። ዲሲ ባያሲንግ ሳይገባህ ስሞል ሲግናል (ትንሽ ሲግናል የማጉላቱ ስሌት) ውስጥ ብትገባ የኤሚተሩን ከረንት ከየት ልታመጣው ነው?

አከፋፈሉ እንዲህ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ኤሌክትሮኒክስ አትንካ። ኖድ ቮልቴጅ፣ ሜሽ፣ ሱፐርፖዚሽን፣ ቴቨኒን፤ በተለይ ዲፔንደንት ሶርስ (መጠኑ በሰርኪቱ ሌላ ቦታ ባለ ከረንት ወይም ቮልቴጅ የሚወሰን ምንጭ) ያለበት። ትራንዚስተሩ በሞዴል ሲሳል ውስጡ ያለው ዲፔንደንት ሶርስ ስለሆነ እሱን የፈራ ሁለቱንም ፈተና ይፈራል። በቀን ስምንት ጥያቄ፣ በባዶ ወረቀት፣ መጽሐፍ ተዘግቶ። ከዚያ ሦስት ቀን ለዳዮድ፤ ሬክቲፋየር፣ ክሊፐር፣ ክላምፐር፣ ዜነር። ክላምፐር ላይ ካፓሲተሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሞላ ሳትስል መልስ አትጻፍ። ከዚያ ስድስት ቀን ለትራንዚስተር፤ አራቱ ለዲሲ፣ ሁለቱ ለስሞል ሲግናል። የቀሩት አምስት ቀናት የድሮዎቹ ፈተናዎች ናቸው፤ በቀን አንድ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ። መልሶቹን ከጓደኛህ የምትቀበለው እያንዳንዱን ከጨረስክ በኋላ ነው። የአንተና የእነሱ መልስ ሲለያይ ተሳስቻለሁ ብለህ አትቸኩል፤ 120 ሄርዙን አስታውስ። አፕላይድ ማቲማቲክስም ሆነ ሌላው ኮርስ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ይሰጠው፤ ለፈተናው ዋዜማ ከተውከው እዚህ ያገኘኸውን እዚያ ትከፍላለህ።

ሰዓትን በተመለከተ ብዙ አትጠይቀኝ። በእርሳስ እየሠራህ ስድስት ሰዓት ከቆየህ በቂ ነው፤ ስላይድ እያገላበጡ አሥራ አራት ሰዓት መቀመጥ ከዚያ ያንሳል። መብራት ሲሄድ አብሮህ እንዳይሄድ ግን የጥያቄ ወረቀቶቹን ስልክህ ላይ አትተማመን፤ አሳትማቸው። ኮምቦልቻ ቀን ሙቀቱ ያዝላል፤ ከባዱን ጥያቄ ለማለዳ፣ የተሳሳትከውን መልሶ መሥራት ለከሰዓት አድርገው።

በርጫው አይጠቅምህም። ሃይማኖትና ባህል ውስጥ አልገባም፤ የምናገረው የፈተና ወረቀት ሳርም ስላየሁት ነው። ጫት እንቅልፍ ያባርራል፣ ምግብም ያስጠላል። ምርቃና ላይ ጥያቄው ሁሉ የገባ ይመስላል፤ ያ መምሰሉ ነው አደጋው፤ ከላይ ስላይድ ስለማንበብ ያልኩህ ማታለል በእጥፍ ይመጣብሃል። ቀን የሠራኸው በአእምሮ የሚረጋው ስትተኛ ነው። አዲስ ነገር ደግሞ በፈተና ሰሞን አይጀመርም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት ተኛ። ዶርሙ እስኪነጋ የሚንጫጫ ከሆነ የሚተኛ ልጅ ያለበት ዶርም ፈልገህ ለሁለት ሳምንት ፍራሽህን ውሰድ፤ አታፍር።

ደሴ መሄዱንም አልመክርህም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ብርዱ ሲቀበልህ፣ እናትህ ቡና ስታፈላ፣ ጎረቤት «መቼ መጣህ» ሲል ቀኑ ያልቃል። ቤት ልጅ ነህ፤ ይላኩሃል፣ ለቅሶ ትደርሳለህ፣ እንግዳ ትቀበላለህ። ትክክልም ነው፤ ግን ተማሪ አይደለህም እዚያ። ከሁሉ በላይ የሚሞግትህ ጓደኛ አታገኝም። ሰርኪት ብቻህን ስትሠራ ስህተትህን አታየውም፤ ሦስት ሆናችሁ ባዶ ክፍል ውስጥ ቦርድ ላይ አንዱ ሲያስረዳ ሌላው «ቆይ፣ ይህ ከረንት ከየት መጣ» ሲለው ነው የሚታየው። ከሦስት ከበለጣችሁ ግን ወሬ ነው። እናትህ ከናፈቀችህ ስምንተኛው ቀን ላይ፣ ዳዮድ ሲያልቅ፣ ቅዳሜ ሄደህ እሑድ ተመለስ፤ ደብተር ግን ይዘህ አትሂድ፤ ሳትከፍተው ይዘኸው ትመለሳለህ፤ ጸጸቱ ብቻ ይተርፍሃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብሪጅ ሬክቲፋየር በዓይን ይታየኝ ብለህ የተበላሸ ቻርጀር መፍታት ሊያምርህ ይችላል፤ ብዙ ልጅ ያደርገዋል። ሶኬት ላይ የተሰካ ቻርጀር ውስጥ፣ ከብሪጁ በኋላ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 311 ቮልት ድረስ ይሞላል፤ የ220 ፒኩ ያ ነው። ነቅለኸውም ቢሆን ወዲያው ባዶ ላይሆን ይችላል። መንካት ካማረህ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ቤት ሄደህ ባለሙያው በቴስተር ሲለካ ቆመህ እይ፤ አራቱን ዳዮዶች አንድ በአንድ ሲፈትሽ አሥር ደቂቃ ማየት ብዙ ያስተምራል። ራስህ መሥራት ከፈለግክ በላብ፣ በባትሪ ይሁን።

ፈተናው ላይ ወረቀቱን እንደተቀበልክ ሁሉንም ገልብጠህ አንብብ፤ ከባያሲንግ ጀምር፤ ነጥቡ እዚያ ነው። ከመፍታትህ በፊት «አክቲቭ ነው ብዬ ወስጃለሁ» ብለህ ጻፍ፤ መጨረሻ ላይ ቼክ ያደረግክበትን መስመር ተው። ቁጥሩ ቢሳሳትብህ እንኳ አራሚው የሚሰጥህ ነጥብ እዚያ መስመር ላይ ነው። ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ወጥቶብህ ለማስተካከል ሰዓት ካጣህ ደግሞ «ይህ ሊሆን አይችልም፤ ሳቹሬሽን ነው» ብለህ በአንድ መስመር ጻፍና እለፍ፤ እኔ ባርም ለዚያች መስመር ነጥብ እሰጣለሁ።

ዛሬ ማታ የምትሠራው አንድ ነገር ነው። የሚዱን ወረቀት አውጣና ያጣሃቸውን 19 ነጥቦች አንድ በአንድ ለይ፤ የትኛው ሐሳቡ ስላልገባህ፣ የትኛው እኩልታውን መጻፍ ስላቃተህ፣ የትኛው በሒሳብ ስህተት። እኔ ካረምኳቸው ወረቀቶች ትልቁ ክምር ሁለተኛው ነው፤ የአንተም ያ ከሆነ የአምስት ቀኑ ሰርኪት መድኃኒቱ ነው። አምስቱ ቀን አልቆ ቴቨኒን አሁንም ካልወጣልህ ወደ ኮርሱ መምህር ቢሮ ሂድ፤ «አልገባኝም» ብለህ ባዶ እጅህን ግን አትሂድ። ሞክረህ የተጣበቅክበትን ወረቀት፣ የተጣበቅክበትን መስመር አክብበህ ይዘህ ግባ።